የአማናው ካሴት

ፈይሩዝ አብዱልሐሊም የምታጠናው ነገር ለመርሳ ከተማ ሰው ሲነገረው ያስቀዋል። ማግኔት ነው። ያውም ልጆች ከተሰበረ ራዲዮ ፈልቅቀው አሸዋ ላይ የሚጎትቱት ዓይነት ቢሆን ደግ ነበር፤ የእሷ ማግኔት በዓይን የማይታይ፣ ከፀጉር ውፍረት ሺህ ጊዜ የሚያንስ ነው። እሱን ደርድሮ፣ አንዱን ንጣፍ በሌላው ላይ አነባብሮ፣ የላይኛው የታችኛውን እንዴት እንደሚያሳድመው መመርመር ነው ሥራዋ። "ታዲያ ካልታየ መኖሩን ማን ነገረሽ?" ይሏታል። እሷም ትስቃለች። ምን ታድርግ!

ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፊዚክስ ታስተምራለች። ቅዳሜና እሑድ ሚኒባስ ተሳፍራ፣ ሲሪንቃን አልፋ፣ መርሳ እናቷ ዘንድ ትወርዳለች። እናቷ ወይዘሮ ቡርቱካን ሰው ስለ ልጃቸው ትምህርት ሲጠይቃቸው "ስለ ብረት ነው መሰለኝ" ብለው ወሬውን ወደ በርበሬ ያዞሩታል። ልጃቸው መምህር መሆኗ በቅቷቸዋል፤ የምን መምህር እንደሆነች አንድም ቀን ጠይቀው አያውቁም። ፈይሩዝ አትፈርድባቸውም። ግን ይከፋታል። እውነቱ ይነገር ከተባለ በጣም ይከፋታል።

ከጦርነቱ በኋላ የሥራዋ ነገር እንዳይሆን ሆኗል። የቤተ ሙከራው መሣሪያ ተዘርፎ ሄዷል፣ መስኮቱ ሄዷል፣ የመብራት ሽቦው ሳይቀር ከግድግዳው እየተፈለቀቀ ሄዷል። ስለዚህ አሁን የምትሠራው በኮምፒውተር ላይ ነው፤ መብራት ሲኖር። ሁለት የማግኔት ንጣፍ ታስቀምጣለች፣ በመካከላቸው ማግኔት ያልሆነ ስስ ነገር ታስገባለች። ነገሩን ሁሉ የሚወስነው ይኸው መሃል የገባው ስስ ነገር ነው። በጣም ከሳሳ ሁለቱ ጎረቤታሞች ይሰማማሉ፤ አንዱ ሲዞር ሌላውም ዝም ብሎ አይቀመጥም። ትንሽ ወፈር ካለ ግን አንደኛው ቢገለበጥ ሌላው ወሬውም አይደርሰው። ደግሞም አንዴ የተገለበጠ ማግኔት የገለበጠው ነገር ዘወር ስላለ ብቻ ወደ ነበረበት አይመለስም። ይህን ለተማሪዎቿ ስታስረዳ "እንደኛ ቂመኛ ነው" ትላቸዋለች።

መርሳ ላይ የእነ ፈይሩዝ ቤትና የእትዬ ትርንጎ ቤት የሚለያቸው የቁልቋል አጥር ነው። አጥሩም በመሃል ቀዳዳ አለው፤ ሁለቱ ሴቶች ሲመላለሱ የከፈቱት ነው። ቡርቱካን የሙስሊም ልጅ፣ ትርንጎ የደጋ ክርስቲያን ልጅ፣ ከጉባ ላፍቶ በትዳር የመጡ። እንዲህ ያለ ጉርብትና ወሎ ላይ ብርቅ አይደለም። አንዷ ስትጾም ሌላዋ ድስቷን ደብቃ ትበላለች፤ አንዷ ስትወልድ ሌላዋ ታርሳታለች። ከባሎቻቸው ይልቅ እርስ በርሳቸው ይተዋወቁ ነበር ቢባል ውሸት አይሆንም።

ሁለቱም ሀብታቸው ካሴት ነበር። የቡርቱካን፣ ባላቸው አብዱልሐሊም መንዙማ ያሉበት ነው። አብዱልሐሊም ኑሯቸው የማሽላ እርሻ ቢሆንም ለመውሊድ ከሐራ እስከ መርሳ የሚፈለጉ አዚያሚ፣ መንዙማ አውራጅ ነበሩ። ጦርነቱ ሊመጣ ዓመት ሲቀረው ታመው ሞቱ። ድምፃቸው የቀረው በአንዲት ካሴት ብቻ ነበር።

የትርንጎ ደግሞ ልጃቸው ማህሌት ከቤይሩት የላከችው ነው። ያን ጊዜ ለአረብ አገር ሰው ስልክ ውድ ነበር፤ ደብዳቤ ደግሞ እናት አታነብም። ስለዚህ ልጆቹ ናፍቆታቸውን በካሴት እየቀዱ በሚመጣ ሰው እጅ ይልኩ ነበር። ማህሌት አንዲት ካሴት ላከች። ሁለተኛ አልላከችም። ከፎቅ ወድቃ ነው አሉ፤ ወደቀች ወይስ ጣሏት፣ ማን ይጠየቃል? ሬሳዋም አልመጣ። እትዬ ትርንጎ ያለ ሬሳ አልቅሰው፣ ያለ ሬሳ ተዝካር አውጥተው፣ ካሴቷን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ሳጥን ውስጥ አስቀመጡ። ልባቸው ሲብስ ያወጧትና ከቡርቱካን ጋር ተቃቅፈው ይሰሟት ነበር። በኋላ ቴፓቸው ተበላሸ፣ የሚጠግነውም ጠፋ። ሰዉ ሁሉ ስልክ ይዞ ካሴት ማን ያስታውሳል!

በ2013 ክረምት ጦርነቱ ወልድያን አልፎ ወደ መርሳ ሲወርድ፣ ማን ምን ይዞ ይውጣ? ከብት ያለው ከብቱን ነዳ፣ ልጅ ያለው ልጁን አዘለ። እትዬ ትርንጎ ወንድማቸው ይርጋ ወዳለበት ደጋ ሊሄዱ ሲነሱ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ገብተው ያችን በጨርቅ የተጠቀለለች ካሴት ለቡርቱካን ሰጡ። መንገዱ ላይ ፍተሻ አለ፣ ዝናብ አለ፣ ምናልባትም ሞት አለ።

"ቡርቱዬ፣ አማና" አሉ። ከዚህ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

"አማናሽን ተቀብያለሁ" አሉ ቡርቱካን። እሳቸው የባሌን መቃብር ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ።

አማና፣ አደራ ማለት፣ በእነሱ ዘንድ የዋዛ ነገር አይደለም። የራስህ ቢጠፋ ጠፋ ነው። የሰው አማና ግን ነገ በአላህ ፊት ያስጠይቃል። ቡርቱካን ካሴቷን ይዘው ቤቱን ዞሩት። ሳጥኑ ይሰበራል፣ ፍራሹ ይቀደዳል፣ ጓሮው ይቆፈራል። ዓይናቸው ጥግ ላይ በተጋደመው አሮጌ ሞንታርቦ ላይ አረፈ። አብዱልሐሊም ለመውሊድ ይጠቀሙበት የነበረ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ነው፤ ፊቱ ተቀዷል፣ ሽቦው ተበጥሷል። ይህን ማን ይዘርፋል? ከጀርባው ያለውን ሳንቃ በቢላ ጫፍ ፈቱና እጃቸውን ሰደዱ። ከውስጥ ድቡልቡል ጥቁር ብረት አለ። የትርንጎን ካሴት ከነስስ ጨርቁ ከታች፣ ከብረቱ ላይ አስቀመጡት። ብረቱ ሳብ አድርጎ ያዘው። ቡርቱካን ይህን በደግ ተረጎሙት፤ ብረቱም አማናውን የተቀበለ መሰላቸው። ከዚያ አሮጌ ኩታ አጣጥፈው ደለደሉበትና የባላቸውን ካሴት ከላይ አደረጉ። ፈላጊ እጅ ቢገባ መጀመሪያ የራሳቸውን ያግኝ ብለው ነው። የሰው አደራ ከሥር፣ የራስ ገንዘብ ከላይ። ይህን ነው ያሰቡት።

ታጣቂዎቹ መጡ። ቴሌቪዥኑን ወሰዱ፣ ፍራሹን ወሰዱ፣ የዱቄት ዕቃው ሳይቀር ሄደ። አንዱ ሞንታርቦውን በእግሩ መታ አደረገና ተወው። ወራቱ አልፎ ሰው ወደየቤቱ ሲመለስ፣ ትርንጎም ከስተው ተመለሱ። ቤታቸው በር የሌለው፣ ጣሪያው የተነሳ ሆኖ ጠበቃቸው።

"አማናሽ አለ" አሏቸው ቡርቱካን ገና ከደጅ።

"እንግዲህ ካንቺው ዘንድ ይቆይ" አሉ ትርንጎ፣ "እኔ ምን በር አለኝ?"

በዚያው ቆየ። ቡርቱካን ግን ኩራታቸው ሌላ ነበር። ያን የመከራ ዘመን ሰው ሁሉ የተዘረፈውን ሲዘረዝር እሳቸው "ወላሂ፣ የሰው አማና አልተነካብኝም" ይሉ ነበር። በየሰደቃው፣ በየለቅሶው ይህን ሳይናገሩ አይነሱም። ሰዉም "ማሻአላህ" ይል ነበር።

ዘንድሮ እትዬ ትርንጎ ታመሙ። ሆዳቸው አበጠ፣ ዓይናቸው ቢጫ ሆነ። ሐኪሞቹ አይተው ቤታቸው ይረፉ አሉ፤ ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ይርጋ ከደጋ ወርዶ አጠገባቸው ተቀመጠ። አንድ ቅዳሜ ፈይሩዝ ልትጠይቃቸው ስትገባ እጇን ይዘው፣

"ልጄ፣ አንቺ የከተማ ሰው ነሽ" አሏት። "ካሴት የሚያጫውት ነገር ከየትም ብለሽ ፈልጊልኝ። ማህሌቴን ሰምቻት ልሂድ።"

"እርስዎ ብቻ ይበርቱ እንጂ አመጣለሁ፣ እትዬ" አለች።

ወልድያ ውስጥ ሚስባህ የሚባል ራዲዮ ጠጋኝ አሮጌ ቴፕ እንዳለው ታውቃለች። ደስ ብሏት ወደ ቤት ተመለሰችና እናቷን ካሴቶቹን እንዲያወጡላት ጠየቀች። ሁለቱንም ወስዳ በሚስባህ ዘንድ ልትፈትሻቸው ነው፤ የአባቷንም ድምፅ ከሰማች ዘመን የለውም። ቡርቱካን የት እንደደበቁት ለማንም ተናግረው አያውቁም ነበር፤ ለልጃቸውም ጭምር። በኩራት ተነስተው ሞንታርቦውን ከጥግ ጎተቱት።

ፈይሩዝ መጀመሪያ አልገባትም። ሳንቃው ሲፈታ፣ የእናቷ እጅ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ ዝም ብላ ታያለች። የአባቷ ካሴት ወጣ። ኩታው ወጣ። ከዚያ እናቷ ሁለተኛዋን ለማውጣት ትንሽ ታገሉ፤ ካሴቷ እምቢ ብላ፣ ከብረቱ ላይ ቀጭ ብላ ተላቀቀች።

"አየሽ? እንዲህ አድርጎ ነው የያዘልኝ" አሉ ቡርቱካን እየሳቁ።

ፈይሩዝ አጎንብሳ ወደ ሞንታርቦው ውስጥ አየች። ያ ጥቁር ብረት ማግኔት ነው። ካሴት ማለት ደግሞ ምንድነው? በስስ ፕላስቲክ ላይ የተለቀለቀ የዝገት ዱቄት ነው፤ እያንዳንዷ የዱቄት ቅንጣት አንዲት ትንሽ ማግኔት። የሰው ድምፅ የሚቀመጠው እነዚያ ቅንጣቶች ወዴት ዞረው እንደቆሙ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ያጠናችው ይህንኑ ነው፤ አሁን በእናቷ እጅ ተይዞ ይስቅባታል።  ሁለቱን ካሴቶች ለየብቻ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወጣች።

ሚስባህ ሱቅ ቁጭ ብላ መጀመሪያ የአባቷን አስገባች። ሹክሹክታ አለ፣ ከዚያ አብዱልሐሊም መጡ። መጥተው ሞሉት! አልፎ አልፎ ድምፁ ድክም ይላል እንጂ ቃሉ አልጠፋም። የሚያስደንቀው ደግሞ፣ እሳቸው "ያ ረቢ" ሊሉ ሲሉ ቀድማ ከሩቅ የምትሰማ አንዲት "ያ ረቢ" አለች። ፈይሩዝ ይህን ታውቀዋለች። ካሴቱ ተጠቅልሎ ዓመታት ሲቀመጥ፣ አንዱ ዙር በሌላው ዙር ላይ ተነባብሮ ስለሚኖር፣ የአንዱ ንጣፍ ማግኔቶች ጎረቤታቸውን ትንሽ ትንሽ ያስተምሩታል። አባቷ ከመናገራቸው በፊት ይናገራሉ። እያለቀሰች በስልኳ ቀዳችው።

ከዚያ የማህሌትን አስገባች።

"እማዬ እንዴት" አለ ድምፁ፣ ጠፋ። ጭርታ። "እኔ በጣም" አለ፣ ጠፋ። የካሴቱ ጥቅል አንድ ዙር በዞረ ቁጥር፣ ከብረቱ ጋር ተያይዞ የኖረው ወገን ሲመጣ ድምፁ ይሞታል። ዞሮ ሲያልፍ ትንሽ ይተነፍሳል፣ መልሶ ይሞታል። ገልብጣ ሁለተኛውን ገጽ ሞከረች። እሱ ይብሳል። ሚስባህ የቴፑን አንባቢ ጭንቅላት አጸዳው፣ ፍጥነቱን አስተካከለ፣ ድምፁን ከፍ አደረገ። ከፍ ያለው ጭርታው ነው።

"ምንም ዘዴ የለውም?" አላት፣ እሷን ምሁሯን።

"የለውም" አለችው። እንዳለው ብታስመስል ምንኛ በወደደች! የተዳከመ ድምፅ ይጎላል፤ የተገለበጠ ማግኔት ግን በፊት ወዴት ዞሮ እንደነበር አይናገርም። ኩታው መሃል ገብቶ ባይሆን ኖሮ የአባቷም እንዲሁ በሆነ ነበር። የእናቷ ኩታ የአባቷን ድምፅ አዳነ፤ የእናቷ ታማኝነት የማህሌትን ገደለ። ይህን ለማን ይነግሩታል? ሆድ ይፍጀው እንጂ።

ቅዳሜ የሚስባህን ቴፕ ተውሳ ስትወርድ መንገዱን በሙሉ ውሸቷን አሰናዳች። ሙቀት ነው እላለሁ። የመርሳ ሙቀት ነው፣ እርጅና ነው። ማን ይመረምራታል? ሲሪንቃ ላይ ሰው ሲወርድና ሲወጣ እሷ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትለማመድ ነበር።

እትዬ ትርንጎ ትራስ ተደግፈው፣ ፀጉራቸውን አስጎንጉነው ጠበቋት። ለልጃቸው ድምፅ መዋባታቸው ነው። ቡርቱካን ከእግራቸው ሥር ተቀምጠዋል፤ ይርጋ በሩ ላይ ቆሟል።

"እትዬ፣ ካሴቱ ትንሽ ተጎድቷል" አለች ፈይሩዝ። "የቦታው ሙቀት... እርጅናም አለ። ብዙ አይሰማም።"

እትዬ ትርንጎ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "የእግዜር ሥራ ነው" አሉ። "የተሰማውን ያህል አሰሚኝ።"

እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ! አልቆመም። ቡርቱካን ግንባራቸውን ቋጠሩ።

"የአባትሽስ?" አሉ።

"የአባ... ደህና ነው።"

"እንዴት ደህና ይሆናል? ሁለቱም አንድ ቤት፣ አንድ ሞንታርቦ ውስጥ ነው የኖሩት። እንዲያውም የእሱን ከላይ፣ ለክፉም ለደጉም የተጋለጠ ቦታ ነው ያደረግሁት። የሷን ነው ከታች፣ ብረቱ ላይ ያስቀመጥኩት። ሙቀት የላይኛውን ትቶ የታችኛውን ይመርጣል?"

"እማ፣ በኋላ እንነጋገር።"

"አሁን ንገሪኝ! የሰው አማና ነው። ምንድነው ያጠናሽው አንቺ? ስለ ብረት አይደል? ብረቱ ምን አደረገው?"

ፈይሩዝ ይህን ጥያቄ ከእናቷ አፍ ለመስማት የጠበቀችውን ዘመን አላህ ነው የሚያውቀው። ምንድነው ያጠናሽው። በዚህ ቀን፣ በዚህ ቤት ይምጣ? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ መጥራቱ ለማን እንደሚጠቅም ግን አይናገሩም። ዋሽታ ልትቀጥል ፈለገች፤ የእናቷን ዓይን አይታ አቃታት። ዝቅ ባለ ድምፅ አስረዳቻቸው። ብረቱ ማግኔት እንደሆነ፣ ድምፁ የተጻፈው በትንንሽ ማግኔቶች እንደሆነ፣ ትልቁ ትንንሾቹን ወደ ራሱ እንዳዞራቸው። ኩታው መሃል ስለገባ የላይኛው እንደተረፈ።

"እኔ ነኛ" አሉ ቡርቱካን።



"ያ ጌታዬ! እኔው በእጄ!" ደረታቸውን መቱ። ተነስተው የትርንጎ እግር ላይ ወደቁ። "አፉ በይኝ ትርንጌ! ከሁሉ የተሻለው ቦታ መስሎኝ ነው። አፉ በይኝ!"

"ሆን ብለሽ አይደለም" አሉ እትዬ ትርንጎ። ቃላቸው ደግ ነበር፤ ዓይናቸው ግን ወደ ግድግዳው ዞሯል። "ክፈችልኝ ልጄ" አሉ ወደ ፈይሩዝ።

ከፈተችላቸው።

"እማዬ እንዴት" አለች ማህሌት፣ ጠፋች።

"ነሽ፣ ለጤናሽ እንዴት ነሽ" ብለው ሞሉት እናቷ።

"እኔ በጣም"

"ደህና ነኝ፣ ካንቺ ሐሳብና ናፍቆት በስተቀር።"

እንዲህ እያሉ ሄዱ። ልጅ ትጀምራለች፣ እናት ትጨርሳለች። የጎረቤቱን ስም እየጠሩ፣ ለፈይሩዝ እስክሪቢቶ መላኩን ሳይቀር አስታውሰው፣ በጭርታው ውስጥ የልጃቸውን ቃል እየመለሱ ሄዱ። ይርጋ ፊቱን አዙሮ ያለቅሳል። ፈይሩዝም ለአፍታ የዳነ ነገር ያለ መሰላት። ሰላምታ ግን የሁሉም ሰው ሰላምታ ነው፤ ለመሙላት አያስቸግርም። ማህሌት ሰላምታዋን ጨርሳ የራሷን ነገር ማውራት ስትጀምር፣ የእናቷ አፍ ዘገየ።

"እማዬ አንድ ነገር" አለች ማህሌት። ጭርታ። "ስመለስ ግን" ጭርታ። "እንዳትረሺ።"

እትዬ ትርንጎ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። ምንም አልወጣም።

"መልሺው" አሉ። መለሰችው። እንዳትረሺ። "መልሺው።" መለሰችው።

"ምን ነበር ያለችው?" አሉ ወደ ማንም ሳይሆን። "ስመለስ ነው ያለችው... ስመለስ ምን? ቡርቱ፣ አብረን አልነበር የምንሰማው? ምን ነበር?"

ቡርቱካን ወለሉ ላይ እንደወደቁ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። አያስታውሱም። እሳቸውም ረስተውታል።

"እንዳትረሺ ብላኝ ረሳሁት" አሉ እትዬ ትርንጎ። ከዚያ በኋላ ዝጊው አሉ።

ከዚያች ቀን ወዲያ የኖሩት ጥቂት ነው። ቡርቱካን በአጥሩ ቀዳዳ እየገቡ ያጥቧቸዋል፣ ያጎርሷቸዋል፣ ይለምኗቸዋል። እትዬ ትርንጎ አይቆጡም፣ አይሰድቡም። ውኃ ሲጠማቸው ግን ቡርቱካን ፊታቸው ተቀምጠው ሳለ "ይርጋ፣ ውኃ" ይላሉ። የቡርቱካንን ስም አንድም ጊዜ ሳይጠሩ ሞቱ። ቡርቱካን በለቅሶው ላይ ከዘመዱ ሁሉ በላይ ጮኹ። "የሰው አማና አልተነካብኝም" ማለትን ግን ትተዋል። ሲያልቅ አያምር።

የእትዬ ትርንጎ አርባ በወጣ ሰሞን ፈይሩዝ መርሳ ወረደች። እናቷ ሳሎኑ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሞንታርቦው ከጥግ ተነስቶ ፊቱን ወደ መሬት አድርጎ ተደፍቷል። ካሴቶቹን ካመጣች ወዲህ የአባቷ ካሴት የሚቀመጠው መስኮቱ ላይ ነበር። መስኮቱ ላይ የለም።

"እማ፣ የአባ ካሴት የት ሄደ?"

ቡርቱካን በአገጫቸው ወደ ሞንታርቦው ጠቆሙ።

ፈይሩዝ ተንደርድራ ሳንቃው ላይ እጇን ስታደርግ፣ "አትንኪው!" አሉ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከእናቷ ሰምታ አታውቅም። "አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ። ጨርቅም አላደረግሁበት።"

"እማ! የአባ ድምፅ እኮ ነው!"

"እሷ የልጇን ቃል አጥታ አፈር ገባች። እኔ ምን ፊት አለኝ ባሌን የምሰማው? በየመውሊዱ ልክፈተው? ከአጥሩ ወዲያ ማን እየሰማኝ?" ወደ አጥሩ አመለከቱ። "የሰው አማና በልቼ የራሴን አስቀምጬ አልሞትም።"

"አልበላሽም እማ። አላወቅሽም።"

"አለማወቄን አላህ ያውቀዋል። እሷ ግን ቅር እንዳላት ነው የሞተችው።"  ከዚያ ቀና ብለው ልጃቸውን አዩዋት፤ ተማሪ መምህሩን እንደሚያይ ዓይነት ነው አተያያቸው። "ስንት ቀን ይበቃዋል?"

 ለዚህ ጥያቄ መልሱን ከፈይሩዝ በላይ የሚያውቅ ሰው በሀብሩ ወረዳ የለም።

"ቀን አይፈልግም" አለች። "የነካ ጊዜ ነው የሚያልቀው።"

"እንግዲያ አልቋል።" ቡርቱካን እጃቸውን ሞንታርቦው ላይ አሳረፉ። "ሌላ የቀረ ድምፅ የለም አይደል? ያ ወልድያ ያለው ራዲዮ ጠጋኝ አልቀዳውም?"

ፈይሩዝ ስልኳን ጨምድዳ ይዛለች። አባቷ እዚያው ናቸው፤ አንድ ጊዜ ብትነካው ቤቱን ይሞሉታል። እናቷ መልሷን እየጠበቁ ነው። ባለፈው እውነቱን ተናግራ ያተረፈችውን አይታዋለች።

"የለም እማ" አለች።

"አልሀምዱሊላህ" አሉ ቡርቱካን። ከዚያ ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡና ባላቸው ገና ዛሬ የሞቱ ይመስል ማልቀስ ጀመሩ።

ፈይሩዝ አጠገባቸው ተቀምጣ አቀፈቻቸው። ቅጂው አሁንም ስልኳ ውስጥ አለ። ከፍታ ልትሰማውም፣ ልትሰርዘውም አልቻለችም።